ምንም ያልጎደለን የቃሬዛ ሰዎች

እኔ ቁጡ ሴት ነኝ። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ያለችውን የክርና የአዝራር ሱቄን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሦስት ጊዜ "ቀንሺልኝ" ያለኝ ደንበኛ አራተኛውን የሚለው ደጅ ቆሞ ነው። እንዲህ አፌ የማያርፍ ሰው ሆኜ፣ አራት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ላለ አንድ ትልቅ ድርጅት "ደህና ነን፣ ምንም አልጎደለንም" እያልኩ መጻፌ ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል። ከዚያ ደግሞ ያበግነኛል።

እኛ የቃሬዛ ሰዎች ነን። ከሮቢ ወንዝ ማዶ ያሉት የቀወት መንደሮች ክረምት ሲገባ መኪና አይደርስባቸውም፤ ባጃጁም ጭቃው ላይ ሲደርስ አፍንጫውን ተክሎ ይቀራል። የታመመ ሰው፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ እግሩ የተሰበረ ገበሬ እስከ አስፋልቱ የሚመጣው በሰው ትከሻ ነው። ድሮ ይህ የቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ሥራ ነበር። ያ መንገዱ ሁሉ የተዘጋበት ክፉ ጊዜ ሲመጣ ግን፣ ከአጣዬ በኩል የተፈናቀለውንም የቆሰለውንም ስንሸከም ሰነበትንና በዚያው የራሳችንን ማኅበር አቆምን። ባለሱቅ አለን፣ የሆቴል አስተናጋጅ አለን፣ ገበሬ አለን፣ የባጃጅ ሹፌር አለን። ደመወዝ የሚባል ነገር አናውቅም። ያለን ትከሻችንና አንድ ቃሬዛ ነበር፤ እሱም ሁለት የወይራ እንጨት፣ መሃሉ በጠፍር የተወጠረ።

ሊቀመንበራችን ከሰባ ያለፉ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ከትንሽ እስከ ትልቅ "ጋሼ" እንላቸዋለን። ቃሬዛ ሲነሳ የፊት ቀኙን ቦታ ማንም አይነካባቸውም። በእኛ ዘንድ የደከመ ተሸካሚ "ተቀበሉኝ" ይላል፤ ሌላው ሮጦ ትከሻውን ያስገባል፤ ሥራው ሁሉ የሚሄደው በዚህች ቃል ነው። ጋሼ ግን ይህችን ቃል ከአፋቸው አውጥተዋት አያውቁም። "ጋሼ፣ ይቀበሉዎት?" ስንላቸው መልሳቸው "ምን ሆኜ!" ነው። ምን እንደሆኑማ እናያለን፤ ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ብሏል፣ በዚያ ሙቀት የማያወልቋት ኮታቸውም ሁልጊዜ በአንድ ጎን ልትወርድ የደረሰች ትመስላለች።

ማኅበሩን ባቆምን በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጎ ፈቃደኞችን የሚያስተባብር ያ የአዲስ አበባው ድርጅት ቅርንጫፉ አደረገን። እኛ "ማዕከሉ" እንለዋለን። ማኅተም ሰጡን፣ ደጅ ላይ የሚሰቀል ጨርቅ ሰጡን፣ እኔ ስለብሰው ጉልበቴ የሚደርስ ቲሸርት ሰጡን፣ ቅጽ በክምር ሰጡን። ደንቡ ቀላል ነው። በየሦስት ወሩ የሠራችሁትን ጻፉ፣ የጎደላችሁን ጻፉ፤ ማዕከሉ ከየቅርንጫፉ የመጣውን አስተያይቶ ያለውን ያካፍላል። የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ ጸሐፊነቱ እኔ ላይ ወደቀ።

ብዕሩ የእኔ ይሁን እንጂ ቃሉ የጋሼ ነው። ሱቄ ውስጥ ባለችው በርጩማ ላይ ይቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠርገው "ጻፊ" ይላሉ። "ለተከበራችሁ የማዕከሉ ወንድሞችና እኅቶች። ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን፣ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር ምንም የጎደለብን ነገር የለም።"

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ ለመሥሪያ ቤት ነው" እላለሁ።

"መሥሪያ ቤት ሰው የለውም? ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ የክስ ማመልከቻ ነው። ጻፊ!"

እጽፋለሁ። ከዚያ "የጎደለ ነገር ካለ ይጠቀስ" የምትለዋ ሳጥን ላይ ስንደርስ የተሰበሰበው አባል በሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። "ቃሬዛ እንበላ" እላለሁ። "ኧረ ነውር ነው! ገና በቅጡ ሳንተዋወቅ?" ይላሉ ጋሼ። የባጃጅ ሹፌራችን ሙስሊም ነው፤ እኛ "ተመስገን" ስንል እሱ "አልሐምዱሊላህ" ይላል። "ጎደለን" የሚል ግን ከሁለታችንም ወገን አልተገኘም። በመጨረሻ ሳጥኗ ውስጥ "ተመስገን" ብዬ ጽፌ ማኅተም እመታባታለሁ።

ማዕከሉም ደግ ነው፤ ባንጠይቀውም አንድ ቀን በጭነት መኪና ላከልን። ጆንያውን ስንፈታው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ! ለሸዋ ሮቢት! ግንቦት ላይ ሰዉ በካርቶን እየተራገበ ለሚውልበት አገር! እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ጋሼ ግን "ስጦታ አይናቅም" ብለው በዚያው ቀን የምስጋና ደብዳቤ አስጻፉኝ። "የላካችሁልን ብርድ ልብስ እጅግ አድርጎ አሙቆናል" ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም፤ ስናየው ብቻ አልቦናል። ብርድ ልብሱን ሽቅብ ወደ ደብረ ሲና አውጥተን ብርድ ለሚመታቸው አረጋውያን አደልነው። በዓመቱ ማዕከሉ "ከወደዳችሁትማ" ብሎ እጥፍ አድርጎ ላከው።

አገራችን የማሽላ አገር ነው። ማሽላ ደግሞ እያረረ ይስቃል ይባላል። እኛም የምንበላውን መስለን ቀረን።

ካቻምና ክረምት ግን ሳቁ አለቀ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተሸክመን ከወንዝ ማዶ ስንነሳ የቃሬዛው አንዱ እንጨት ቀጭ አለና ሰውዬው ጭቃው ውስጥ ዘፍ አሉ። እዚያው ጭቃ ውስጥ እንደተጋደሙ "እኔስ ምንም አልሆንኩ፤ እናንተን ጎዳኋችሁ?" አሉን። የተሰበረውን በባሕር ዛፍ ደግፈን፣ በባጃጅ ጎማ ከመነዳሪ ጠፍረን ሥራችንን ቀጠልን። ይህን ሁሉ ደጇ ላይ ቆማ ያየች አንዲት ሴት ነበረች። እናቷ ስትሞትብኝ ወስጄ ያሳደግኋት፣ ወንዝ ማዶ ያገባች የእኅቴ ልጅ ናት።

ይህች ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ ሁለት ቀን አምጣ የተረፈችው በሐኪም እጅ ነው። ያኔ በጋ ስለነበር ባጃጅ ደርሶላታል። ሐኪሙም "ሁለተኛ ቤት ውስጥ እወልዳለሁ እንዳትይ" ብሎ አስጠንቅቋታል። አምና ደግማ አረገዘችና መውለጃዋ ነሐሴ ላይ ዋለ። ነሐሴ ማለት ወንዙ የሚሞላበት፣ መንገዱ ጭቃ ብቻ የሚሆንበት ወር ነው። "አይዞሽ፣ በቃሬዛ እናመጣሻለን" ብላት ዓይኗን አፍጣ አየችኝ። "በዚያ በተሰበረው? አክስቴ ሙች፣ እሱ ላይ ከምወጣ እዚሁ ቤቴ ልሙት።"

አፏ እንደ እኔ ነው፤ ያለችውን ደግሞ ታደርጋለች። ስመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ከነሐሴ በፊት ደህና ቃሬዛ ካልተገኘ ልጄን ላጣት ነው፤ እኔ ደግሞ በገዛ እጄ "ምንም አልጎደለንም" እያልኩ የምጽፍ ጅል!

ፋሲካ እንዳለፈ ከማዕከሉ ስልክ ተደወለ። የየቅርንጫፉን ችግር የምታጠና ገምጋሚ ግንቦት ላይ ትመጣለች፤ ያላችሁንና የሌላችሁን በዓይኗ አይታ ትወስናለች ተባለ። እልል አልኩ። ጋሼ ባይናገሩ ቃሬዛው ራሱ ይናገራላ!

የረሳሁት ነገር ቢኖር ገምጋሚዋ እንግዳ መሆኗን ነው። እንግዳ ይመጣል ሲባል የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? ቤቱን ይጠርጋል፣ የተቀደደውን ይደብቃል፣ የሌለውን ይዋሳል። ከሆቴል ወንበርና ጃንጥላ ተውሰን ጋሼ ግቢ ውስጥ ዘረጋን። የጤና ጣቢያው ዘበኛ አባላችን ስለሆነ ለግማሽ ቀን ብሎ የሚታጠፍ የብረት ቃሬዛ አስዋሰን። በዓለ ሃምሳ ነውና ጾም የለም፤ ጋሼ ሙክት ፍየል አሳረዱ። እኔ ራሴ "ይኼ ነገር ልክ አይደለም" እያልኩ የሠርጌን የጠረጴዛ ልብስ ከሣጥን አውጥቼ አነጠፍኩ። ያ ምስኪን ቃሬዛችን ደግሞ "ለዓይን ያስጠላል" ተብሎ ወንዝ ተሻገረና የእኅቴ ልጅ ጓሮ፣ የማሽላ አገዳ ክምር ሥር ተደበቀ።

ገምጋሚዋ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት፤ ትሕትናዋ ደስ ይላል። ገና እንደገባች የብረቱን ቃሬዛ አየችና "ይኼ የእናንተ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ሁሉም የእግዚአብሔር ነው፣ ልጄ" አሉ ጋሼ።

ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። "የጎደላችሁስ ነገር?"

"የጎደለን ያንቺ መምጣት ነበር፤ እሱም ይኸው ተሟላ።"

አሁንም ጻፈች። በጠረጴዛው ሥር የጋሼን እግር ረገጥኩ፤ ፈገግ አሉልኝ። "የለም፣ እውነቱን እኔ ልንገርዎት" ለማለት አፌን ስከፍት ጋሼ "በሞቴ!" ብለው የጥብስ ጉርሻ ከተቱበት። እሷን አኝኬ እስክጨርስ ጨዋታው ስለ ሽንኩርትና ስለ ፓፓያ ሆኖ ቆየኝ።

ከምሳ በኋላ ገምጋሚዋ "ሰው የምታመጡበትን መንገድ ማየት እፈልጋለሁ" አለች። "ሩቅ ነው?"

"እዚችው ናት!" አልናት ሁላችንም ባንድ ድምፅ።

እዚችው ማለት በእኛ አገር፣ በቆላ ፀሐይ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እስከ ወንዙ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ሮቢ ግንቦት ላይ ውኃው ቀጭን ነው፤ ድንጋዩ ግን ያው ነው። ጫማዋ የከተማ ጫማ። እሷ ደርሰን ይሆን ብላ ስትጠይቅ እኛ "ይኸው፣ ከዛፏ ጀርባ" ስንል፣ ስንት ዛፍ አልፈን የእኅቴ ልጅ ቤት ደረስን። እዚያም ውኃ ጠጣች፣ እርጎ ጠጣች፣ "አልበላም" ያለችውን በላች። ልንመለስ ተነሥተን ከግቢው ቁልቁል ስትወርድ እግሯን ወለም አላትና ተዘረረች። ቁርጭምጭሚቷ ዓይናችን እያየ ያብጥ ጀመር።

ዕንባዋን እየጠረገች "ምንም አይደል፣ ደግነቱ ቃሬዛ አላችሁ። አስመጡልኝ" አለች።

ዘበኛው መሬት መሬቱን አየ። የብረቱ ቃሬዛ ገና ምሳ ሳይነሣ ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሷል። የባጃጅ ሹፌሩ ወደ ሰማይ አየ። ጋሼ ኮታቸውን አስተካከሉና "ምን ቃሬዛ ያስፈልጋል፣ እኔ አዝላታለሁ" አሉ። ሰባ አልፏቸው!

ይኼኔ የእኅቴ ልጅ የስድስት ወር ሆዷን ደግፋ ወደ ጓሮ ሄደች። አገዳውን እያነሣች ስትወረውረው ከፊት ለፊት ይሰማናል። ከዚያ ያንን በከመነዳሪ የተጠፈረ ጉድ እየጎተተች አምጥታ ገምጋሚዋ እግር ሥር ጣለችው። "ይኸውልዎት የቃሬዛ ሰዎች ቃሬዛ። ነሐሴ ላይ እኔ የምወጣበት ነው። እስቲ እርስዎ ይቅደሙኝና ይዩት።"

ጋሼ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ገምጋሚዋን ቃሬዛው ላይ አወጣናት። ገና ሦስት እርምጃ ሳንሄድ "ኧረ አመመኝ!" ብላ ጮኸች። "ኧረ ቀስ በሉ! ኧረ ይንቋቋል! ወደቅሁ! ወደቅሁ እኮ!" ተሸካሚዎቹ ተያዩ። ስንት ሰው ስንሸከም እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም። የእኛ ሕመምተኛ ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ "አስቸገርኋችሁ" ነው የሚለው። የባጃጅ ሹፌሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "እንዲህ ማለት ይቻላል እንዴ?" አለኝ።

ወንዙ ዳር ግራር ጥላ ሥር አሳረፍናት። ትንፋሿ ሲመለስ ጋሼን ቀና ብላ አየቻቸው። "ጋሼ፣ ይኼን ለምን ደበቃችሁኝ?"

"ገመና ነው፣ ልጄ። ገመና ለእንግዳ ይታያል?"

"እኔ ምን እንግዳ ነኝ! የእናንተው ሠራተኛ ነኝ እንጂ።" ሳቅም ልቅሶም ተቀላቀለባት። "በየሦስት ወሩ ከየአገሩ የመጣውን ደብዳቤ ከበን ተቀምጠን እናነባለን። አንዱ ጎማ ይላል፣ አንዱ መድኃኒት ይላል። የእናንተ ሲነበብ ቢሮው በሙሉ ደስ ይለዋል፤ እንዲያውም ይነበብልን የሚል አለ። ከዚያ 'እነዚህስ ተመስገን ምንም አልጎደላቸውም' እንልና ያለንን ለሌላው እንሰጣለን። ምን እናድርግ? ከዚያ ሆነን የምናየው ወረቀታችሁን ብቻ ነው። ብርድ ልብሱንም እኮ አሙቆናል ያላችሁት እናንተ ናችሁ!"

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ፤ ያንን ሁሉ የጻፈች እጅ የእኔ ናት። የደሀ ወግ ብለን የያዝነው ትሕትና የልጄን ድርሻ ለሌላ ሰው ሲያሳልፍ ኖሯል። ጋሼ ተነሡና የፊት ቀኙን እንጨት ያዙ። "ይቀበሉዎት፣ ጋሼ?" አልኳቸው። "ምን ሆኜ!" አሉኝ።

በማግስቱ፣ ወጌሻ እግሯን አሽቶ ካሰረላት በኋላ፣ ያረፈችበት ሆቴል በረንዳ ላይ አስቀመጠችኝና ቅጽ ሰጠችኝ። "እትዬ፣ እዚሁ እኔ ፊት ይጻፉ። ሰላምታ የለም።" ብዕሩን ያዝኩ። ገበያ መሃል ልብሴን አውልቂ የተባልኩ ያህል ሆነብኝ። "ቃሬዛችን ተሰብሯል። ነሐሴ ላይ የምናመጣት ነፍሰ ጡር አለችን። በዚህ ቃሬዛ አልወጣም ብላለች፤ እውነቷን ነው። ጎድሎናል።" ከጎኔ የተቀመጡት ጋሼ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ማኅተሙን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው መቱት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዕቃው መጣ። ሁለት ቀላል ቃሬዛ፣ ከነመታጠቂያው፤ መንገዱ ሲፈቅድ የሚገጠም ጎማም አብሮት አለ። ከሥሩ አንድ ብርድ ልብስ አገኘንና ልሰድብ አፌን ከፈትኩ። ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ በገምጋሚዋ እጅ "ለአራሷ" ይላል። አፌን ዘጋሁ።

ነሐሴ ገባ። ባሏ በጧት ደወለና "ጀመራት" አለኝ። እስከ ወንዙ የሄድነው እየሮጥን ነው፤ ተሻግረን ደጇ ደረስን። የእኅቴ ልጅ አዲሱን ቃሬዛ በእጇ ነካካችው፣ መታጠቂያውን ሳብ ሳብ አደረገችው፣ ከዚያ ያለ አንድ ቃል ወጣችበት። እኔ ፊቴን አዙሬ ዓይኔን ጠረግሁ። ወንዙ ዳር ስንመለስ ውኃው ጎደል እስኪል ጠበቅንና ጎማውን አውልቀን በትከሻችን አነሣናት። ጋሼ እንደ ልማዳቸው የፊት ቀኙን ያዙ። እኔ ውኃው ወገቤ ደርሶ ከጎኗ እሄዳለሁ፤ እሷ ከገምጋሚዋ ተምራ "ኧረ አመመኝ! ኧረ አክስቴ!" እያለች አገሩን ታቀልጠዋለች።

ወንዙ መሃል ስንደርስ ጋሼ ቆሙ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የፊታቸው ቆዳ አመድ መስሏል። ኮታቸው ውኃ ላይ ተንሳፍፏል። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ግን የውኃው ድምፅ ዋጠው። ከዚያ በዚያ በድሮው የሹፌር ድምፃቸው ጮኹ።

"ተቀበሉኝ! ተቀበሉኝ እንጂ፣ አልቻልኩም!"

አንድ ሰው ይበቃ ነበር፤ አራት ሰው ዘለለ። የባጃጅ ሹፌሩ ትከሻውን አስገባ፣ ዘበኛው ጋሼን ከወገባቸው አቀፋቸው፣ ቃሬዛው አንዲት ጣት እንኳ ዝቅ ሳይል ማዶ ደረሰ። ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተንሰቀሰቁ፤ እኛም ያየን አልመሰልንም። ከሰዓት በኋላ የእኅቴ ልጅ በሐኪም እጅ ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ የሕፃኗ ጩኸት ከማን እንደተወረሰ ለማንም ግልጽ ነው።

መስከረም ላይ የሦስት ወሩ ሪፖርት ጊዜ ደረሰ። ጋሼ መጥተው በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ፤ ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጥለዋታል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጄ ለምዶበት "ለተከበራችሁ የማዕከሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለጤናችሁ" ብዬ ጀምሬ ነበር።

"ቆይ፣ ቆይ። እሱን ተዪው" አሉኝ። "መጀመሪያ ይኼን ጻፊ። የሊቀመንበሩ ትከሻ ታሟል፤ የፊት ቀኙን የሚይዝ ወጣት የሚያሠለጥን ሰው ላኩልን።"

"ሰላምታውስ፣ ጋሼ?"

"ቦታ ከተረፈ።"

ቦታ ተርፎ ነበር። ከታች በደቃቅ ፊደል "ናፍቃችሁናል" ብዬ ጨመርኩበት።